ደንብ ዐሥራ አራት

ሐሙስ ማታ፣ ተንደር ቤይ፣ የሬይኖ ምድር ቤት፣
ማሞቂያው የሚያጓራበት፣ ቱቦው የሚያንጠባጥብበት፤
በፒንግ ፖንግ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት ካርታዬን፣
የሦስት ወር ድካሜን፣ የወረቀት ሥራዬን።

እንደ ማር እንጀራ ነው፣ ባለ ስድስት ስድስት ጎን፤
በየዓይኑ ደን፣ ረግረግ፣ ሐይቅ፣ ድንጋይ፣ ኒፒጎን።
አንዷ ዓይን ዐሥር ኪሎ ሜትር፣ አንዱ ዙር አንድ ቀን፤
ጠላት ስም የለውም፤ ቀይ አልነው፣ ሰማያዊ ራሳችንን።
“እንዲህ ያለ ጦርነት የለም” ይላል መግቢያው፤
ይሆናልም አላልኩም፤ “ቢሆንስ” ነው መነሻው።

እኔ ወታደር አልነበርኩ፤ በሆስፒታል ግምጃ ቤት
ጓንትና መርፌ ነው ቆጠራዬ፣ ፋሻ በካርቶን፣ ሙሉ ሌሊት።
ግን አንድ ነገር ዐውቃለሁ፦ የሚያልቀው ነገር ሲያልቅ
ጀግንነት አይተካውም፤ ስለዚህ ጻፍኩ ስለ ስንቅ።
ዐሥራ አንድ ገጽ ስለ ናፍጣ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ጎማ፤
ስለ መድፍ ግማሽ ገጽ። ሬይኖ አሽሟጠጠ፤ ተውኩት እንዳልሰማ።

“ጦር ነው ወይስ የጭነት ደረሰኝ?” አለ፤ ካርቶኖቹን ደረደረ፣
ጥፍር የሚያክሉ ሰባት ሻለቃ በጣቱ እየቆነጠረ።
ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፣ ክንዱ እንደ ግንድ፤
ዳርሊን ቀዩን ያዘች፤ ነርስ ናት፤ ዓይኗን ተከለች በአንድ መንገድ።

አልተኮሰችም። ዳይስም በእጇ አልነካች፤
ከድልድዩ ማዶ ሦስት ካርቶን አኑራ ሻይዋን ጠጣች።
በአራተኛው ዙር ታንኩ ቆመ፣ ናፍጣው ደረቀ፤
በአምስተኛው መድፉ፤ በስድስተኛው የሬይኖ ትዕግሥት አለቀ።

“ይሰለቻል!” ብሎ ጮኸ፤ “ማን ይገዛዋል ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ጦር?”
ግንባሬን ያዝኩ፣ የራሴን ግንባር፤ የካርታውማ አልተነቃነቀም ነበር።

ከዚያ ዝም አለ። ረጅም ዝም። ጢሙን አሻሸ፣ ካርታውን አየ፤
ጣቱ በአንዲት ነጭ ዓይን ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ቆየ።
“እዚህ፣” አለ፣ “በሰማንያ ሦስት፣ በጥር፣ አራት ቀን ቆሜያለሁ፤
የጫንኩት ብርቱካን ነበር፤ እንደ ድንጋይ እየፈለጥኩ በልቻለሁ።
ስድስት ዓይን በቀን ብለሻል? በበረዶ ላይ ሁለት በይው፤
ሁለትም ከበዛ አንድ። እርሳስ ስጪኝ፣ እኔ ልሰርዘው።”

ሰረዘ። እርሳሱ የገዛ ታንኮቹን እንደ ቁርጥማት ያዛቸው፤
ሊሰበስብ ሲነሣ ግን አንድ በአንድ ቆጠራቸው።
ስድስት። እንደገና ስድስት። ሰባተኛው ሻለቃ የለም፤
ከጠረጴዛው ሥር የለም፣ ከምንጣፉ፣ ከማሞቂያው ኋላም።
መቼ ጠፋ? ማንም አያውቅ። ግንባር ላይ ነው ስንል ነበር፤
ትእዛዝ ስንሰጠው፣ ቀለብ ስንጽፍለት፣ በሌለበት ስንማከር።

ቤቴ ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ጻፍኩ በዚያው ሌሊት፦
“ደንብ ዐሥራ አራት። በየዙሩ አንድ ክፍል ሊጠፋ ይችላል፣ አዛዡ ሳያውቅበት።
ጥይት አላገኘውም፤ አልከዳም፤ አልተማረከም፤
የት ነው ብሎ መጠየቅ በዚህ ጨዋታ አይፈቀድም።”
ሦስት ጊዜ አነበብኩት።
ደስ አላለኝም። አልሰረዝኩትም።

እኩለ ሌሊት አልፎ ስልኩ ጮኸ፤ ዳርሊን ናት፤
“ሹራቤን ሳወልቅ…” አለች፤ ሳቋ አላስጨረሳት።
“እጅጌዬ ላይ ተጣብቆ! ሰማያዊው፣ ሰባተኛው!
ቤቴ ድረስ ይዤው መጥቻለሁ፤ አሁን የት ላኑረው?”

እስከ ሐሙስ እዚያው ይቆይ አልኳት፤ ከመስኮቴ ውጭ በረዶ ይጥላል፣
መንገድ ጠራጊው መኪና ብልጭ ድርግም እያለ ያልፋል፤
ብቻ ሹራቡን እንዳታጥቢው፣ አደራ፣ ዳርሊን፤
ስድስት መቶ ሰው አለበት።